ባቡር እንዴት ሰባራ ይሆናል?

በአራዳ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ስሙን ከጠዋት እስከ ማታ ይጠሩታል፣ ተሳፋሪውም ወራጅ ብሎ ይወርዳል፤ የትኛው ባቡር፣ እንዴት ተሰበረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የለገሃሩ ሐዲድ ወደዚያ ወጥቶ አያውቅም። ከዚህም በላይ የለገሃሩ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለሰፈሩ ስም ምክንያት የሆነው ማሽን ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ፣ ሐዲድ የማይፈልግና በራሱ መንኮራኩር የሚጓዝ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ዛሬ መንገድ ሠራተኞች ሮሎ ለሚሉት መሣሪያ ቅድመ አያቱ መሆኑ ነው። ሕዝቡም ማሽኑን የሰርኪስ ባቡር አለው። ሰባራ ባቡር የሚለው የሰፈር ስም ተበላሽቶ በዚያ ከቆመ የእንፋሎት ማሽን ጋር ተያይዞ ይነገራል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንኳ ይህ ስም አልፈረሰም።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ምንጩ በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት የሆነው ቫፖር ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው በዐረብኛ አፍ ተለውጦ ነው። አያቶቻችን በሐዲድ የሚሄደውንም፣ እህል የሚፈጨውንም ባቡር ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ሰባራ ባቡር ማለት፣ በቃሉ ሥር ብንሄድ፣ ሰባራ እንፋሎት ማለት ይሆናል። እንፋሎት ራሱ አይሰበርም፤ የሚሰበረው እንፋሎቱን አምቆ የያዘው ብረት ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረጉን ሦስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ወደ ቢሯችን መጥተው ለሳይንስ ትርኢት የሰርኪስን ባቡር የመሰለ የመንገድ ሞተር በአነስተኛ መጠን ሠርተው፣ በባትሪ ሳይሆን በራሱ እንፋሎት ሊያስኬዱት እንደሚፈልጉ ነገሩን። ንድፋቸው ጥሩ ነበር። ቦይለሩን ግን ከተጣለ የቡታጋዝ ሲሊንደር ሊሠሩት አስበው ነበርና ከለከልናቸው። በዚያን ቀን ቸኩለን ስለነበር ምክንያቱን በቅጡ አላስረዳናቸውም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያኔ ልንነግራቸው ይገባን የነበረውን ነው።

የከፍታው ጥያቄ

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ የእንፋሎት ሞተር እዚህ ደካማ አይሆንም ወይ የሚል ነበር። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ስለሆነ እንመልከተው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ በክፍት ድስት ቀደም ብሎ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። ቦይለር ግን ክፍት ድስት አይደለም። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት የሚወስነው እንፋሎቱ ራሱ የሚፈጥረው ግፊት ነው። የግፊት መለኪያው 3 ባር ሲያሳይ በባሕር ወለል የውሃው ሙቀት 144 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ141 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ይህ ልዩነት ለሞተሩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እንዲያውም ፒስተኑን የሚገፋው ከፊቱና ከኋላው ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የግፊት መለኪያው የሚያነበውም ይህንኑ ልዩነት ስለሆነ፣ እዚህ 3 ባር ያለው ሞተር ምጽዋ ላይ 3 ባር ካለው ሞተር ጋር እኩል ይገፋል። በቤንዚን የሚሠራ መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚደክመው አየሩን ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ስቦ ስለሚያቃጥል ነው፤ የእንፋሎት ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ ምንም አያቃጥልም።

የከፍታው ጉዳት የሚታየው በምድጃው ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ለእሳቱ የሚደርሰው ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ጥንታውያኑ መሐንዲሶች ለዚህ፣ ለከፍታ ብለው ባይሆንም፣ ድንቅ መላ ትተውልናል፤ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል በኃይል እንዲወጣ አደረጉት። ሲወጣ ጭሱን ይዞ ይሄዳል፣ በምትኩ ንጹሕ አየር ከታች በምድጃው ውስጥ ይሳባል። በፊልም የምንሰማው የባቡር ትንፋሽ ይኸው ነው። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ብዙ እንፋሎት ይተነፍሳል፤ ብዙ ሲተነፍስ እሳቱ ይበልጥ ይራገባል። ወናፍ የሚነፋ ረዳት ሳያስፈልግ ማሽኑ እሳቱን በራሱ ያራግባል።

ውሃው ወደየት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። የመንገድ ሞተር ቦይለር እንደ በርሜል በጎኑ የተኛ ሲሊንደር ነው። በኋላው በኩል ምድጃው በቦይለሩ ውስጥ ተቀብሮ በውሃ ተከቦ ይቀመጣል። የምድጃው ጣሪያ ከበታቹ እሳት፣ ከበላዩ ውሃ አለው። በ10 ባር የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 183 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከታች ያለው እሳት ግን ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ብረት የማይቀልጠውና የማይለሰልሰው ውሃው ሙቀቱን ያለ ዕረፍት ስለሚወስድለት ብቻ ነው። ውሃው ከጣሪያው በላይ ከጎደለ ግን ብረቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል፤ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ከግማሽ በላይ ያጣል፤ ግፊቱም ወደ ታች ያጎብጠውና ይቀድደዋል።

በሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር ከባድ ቁልቁለት እምብዛም አያጋጥመውም፤ ሐዲድ የሚዘረጋው ቁልቁለትን እየሸሸ ነውና። የመንገድ ሞተር ግን የከተማውን መንገድ እንደሆነ ይቀበላል። አዲስ አበባን በእግሩ የሚያውቅ ደግሞ ሜዳ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያውቃል። በየ12 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እናስብ። ቦይለሩ 2 ሜትር ርዝመት ካለው፣ በፊትና በኋላ ጫፎቹ መካከል የ17 ሴንቲ ሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ልዩነት ይፈጠራል። ማሽኑ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ውሃው ወደ ፊት ይሄዳል፤ በኋላ በኩል፣ ማለትም በምድጃው ጣሪያ ላይ፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጎድላል። በሜዳ ላይ ሳለ ጣሪያው 7 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ለብሶ ከነበረ አሁን ራቁቱን ቀርቷል ማለት ነው። ሾፌሩ አንዲት ጠብታ ውሃ አላፈሰሰም፤ ቁልቁለት ወረደ እንጂ።

ለዚህ የተበጀው መከላከያ ቀላልነቱ ያስደንቃል። በምድጃው ጣሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ ተበጅቶ በእርሳስ ይወተፋል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው። ውሃ እስካለበሰው ድረስ ከ200 ዲግሪ በታች ስለሚቆይ አይነካም። ውሃው ሲሸሽ ግን ከብረቱ ቀድሞ ይቀልጣል፤ እንፋሎቱም በቀዳዳው ወደ እሳቱ እየጮኸ ወርዶ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል፣ እሳቱንም ያደክማል። ማሽኑ በመንገድ መካከል ይቆማል፤ መንገደኛውም ተሰበረ ይላል። እንዲህ ያለ መሰበር ግን የሰው ሕይወት ያተረፈ መሰበር ነው።

የሞዴሉ መስታወት ሲዋሽ

የዶክትሬት ትምህርታችንን በእንግሊዝ አገር ስንከታተል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ የሞዴል ባቡር ማኅበር እንሄድ ነበር። ሞዴል ስንል በጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከር መጫወቻ አይደለም። ሐዲዱ 184 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ባቡሩ ሩብ ቶን ያህል ይመዝናል፤ ከኋላው አሥር ሰው አስቀምጦ ይጎትታል፤ የሚሠራውም በእውነተኛ ከሰልና በእውነተኛ እንፋሎት ነው። የለገሃሩ የድሮ ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ በዚያው 184 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ የለገሃር ባቡር ሞዴል ቢሠራ ከእውነተኛው አምስት ጊዜ ተኩል ገደማ ያነሰ ይሆናል። ይህን ስሌት በዚያ አገር ዝናብ ውስጥ ቆመን ስንት ጊዜ እንዳሰላነው አናስታውስም።

በዚያ ማኅበር አንድ ቀን የተማርነው ነገር አሁንም ከአእምሯችን አልጠፋም። ባቡሩን እንድንነዳ ተፈቅዶልን ነበር። በቦይለሩ ጎን ያለችው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውሃው ግማሽ ላይ እንደሆነ ታሳያለች። ደስ ብሎን ሁለት ዙር ሄድን፤ ውሃው አሁንም ግማሽ ነው። በሦስተኛው ዙር አንድ ሽማግሌ የማኅበሩ አባል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። አንድም ቃል ሳይናገሩ ከቱቦዋ ሥር ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ከፍተው ዘጉ። ውሃው ወረደ፤ ተመልሶ ግን አልወጣም። ቦይለሩ ጎድሎ ነበር። ሽማግሌው ወዲያው የምድጃውን ወለል ስበው ፍሙን በሙሉ ወደ መሬት ጣሉት። እኛ ደግሞ የፊዚክስ ተመራማሪ ነን እንል ነበር።

ነገሩ የውሃ ገጽ ውጥረት ነው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ ከእውነተኛ ደረጃው በላይ ይሳባል፤ ቱቦው በቀጠነ መጠን ይበልጥ ይሳባል። ውስጠኛው ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ የሙቅ ውሃ መሳብ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለትልቅ ባቡር፣ ሰፋ ባለ ቱቦ፣ ይህ ከምንም አይቆጠርም። መስታወቱ በጠቅላላ 40 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሞዴል ግን 6 ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ወይም ቅንጣት ቆሻሻ መንገዱን ከዘጋች ውሃው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማሽንን በስምንት እጥፍ ስናሳንስ ብረቱ ያንሳል፣ ውሃ ግን ያው ውሃ ነው። ስለዚህ የሞዴል ነጂ መስታወቱን አያምንም፤ በየጥቂት ደቂቃው ቫልቭዋን ከፍቶ ውሃው ወርዶ ፈጥኖ መመለሱን ያያል።

ቡታጋዙን ለምን ከለከልን

ተማሪዎቹ ቡታጋዝ ሲሊንደር ከ3 ባር እጅግ የበለጠ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው ብለው ተከራክረውን ነበር። በቁጥሩ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሲሊንደሩ የተሠራው ለቀዝቃዛና ለደረቅ ጋዝ ነው፤ ከሥሩ እሳት እንዲነድበት፣ በውስጡ ውሃ እንዲያዛግተው፣ ለቧንቧ ተብሎ አምስት ቦታ እንዲበሳ አይደለም። ያገለገለ ሲሊንደር ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም። በውስጡ የቀረ ጋዝ ደግሞ ገና በሚቆረጥበት ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላም አለ። በቦይለር ውስጥ አደገኛው እንፋሎቱ ሳይሆን ውሃው ነው። በ3 ባር ግፊት በ141 ዲግሪ ያለ ውሃ ቦይለሩ በድንገት ቢቀደድ በዚያ ሙቀት ውሃ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ወዲያውኑ ወደ 92 ዲግሪ መውረድ አለበት። የተረፈው ሙቀት ከውሃው 9 በመቶ ያህሉን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። የተማሪዎቹ ሞዴል የሚይዘው 3 ሊትር ውሃ ብቻ ቢሆንም ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት 600 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከሦስት ትልልቅ በርሜል ጋር እኩል መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ተመልካች በከበበው ጠረጴዛ ላይ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ቦይለር ከመዳብ የሚሠራ፣ 120 ሚሊ ሜትር ስፋትና 350 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ነበር። በስሌት ሲታይ የጎኑ ብረት የሚሸከመው ጫና ቀላል ነው። አስቸጋሪዎቹ ሁለቱ ጠፍጣፋ ጫፎች ናቸው። በ3 ባር ግፊት እያንዳንዱ ጫፍ ከሦስት ኩንታል በላይ በሆነ ክብደት ይገፋል። ጠፍጣፋ ነገር ሲገፋ ይጎብጣልና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያያይዙ የመዳብ ዘንጎች መወጠር አለበት።

መዳቡን የማያያዙ ሥራ ያልጠበቅነውን አስተማሪ አስገኘልን። ቦይለር በተራ ቆርቆሮ ማጣበቂያ አይያያዝም፤ እሳት ያቀልጠዋል። የሚያስፈልገው ብር ያለበት፣ ከ600 ዲግሪ በላይ የሚቀልጥ መበየጃ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ በአራዳ ትውልድ ሲያወርሰው የኖረ ሙያተኛ አለ፤ ወርቅና ብር ሠሪው። ተማሪዎቹ በፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄደው አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ቦራክስ ብረቱ ላይ የሚነሰነሰው ሙቀቱ የሚፈጥረውን የዝገት ሽፋን እንዲያሟሟ መሆኑን እዚያ አዩ። አንዱ ተማሪ፣ “ጋሼ፣ መበየጃውን ለምን እሳቱ ላይ አያደርጉትም?” ብሎ ቢጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ ብሩ ሙቀት ወዳለበት ይሮጣል፤ አንተ ዕቃውን አሙቅ፣ እሱ መንገዱን ያውቃል” አሉት። ቀልጦ ወደ ጠባቡ ክፍተት የሚስበው ያው የገጽ ውጥረት ነው። በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ያታለለን ኃይል በዚህ በኩል ቦይለሩን አጥብቆ ይይዘዋል።

የተሠራ ቦይለር እሳት ከማየቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይፈተናል። ጢም ብሎ በውሃ ይሞላል፤ አየር ጨርሶ አይቀርም፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ የሥራ ግፊቱ እጥፍ ድረስ ይገፋል። ውሃ በግፊት እምብዛም ስለማይጨመቅ ጉልበት አያጠራቅምም፤ ቦይለሩ ቢከዳ አንዲት ቀጭን የውሃ ክር ትፈናጠራለች እንጂ ፍንዳታ የለም። በአየር የሚፈትን ሰው ካያችሁ ግን ክፍሉን ለቅቃችሁ ውጡ። የተማሪዎቹ ቦይለር በመጀመሪያው ፈተና 4 ባር ላይ ከአንዱ ዘንግ ሥር አለቀሰ። እንደገና ተበይዶ በሁለተኛው 6 ባርን ግማሽ ሰዓት ያህል ቻለ።

ቅርፊቱ

በቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት አይታችሁ ይሆናል። ውሃ ሲተን በውስጡ የሟሟው ማዕድን አብሮት አይሄድምና ነው። ቦይለር ደግሞ ዘመኑን ሙሉ ውሃ የሚያተን ማንቆርቆሪያ ነው። ቅርፊት ሙቀትን የሚያሳልፈው ከብረት እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ ብርቱ እሳት በሚነድበት ምድጃ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ብቻ ብረቱን በመቶ ዲግሪ ያህል ሊያግለው ይችላል። ውሃ አልጎደለም፣ መስታወቱም አልዋሸም፣ ብረቱ ግን ቀስ በቀስ ይቃጠላል። የእንፋሎት ማሽኖችን ከፍንዳታ ይበልጥ ያጠፋቸው ይህ ዝም ያለ በሽታ ነው ብለን እናምናለን። የከርሰ ምድር ውሃ ብዙውን ጊዜ በማዕድን የከበደ በመሆኑ ለሞዴላችን የመረጥነው በክረምት ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው።

የአንድ ቀን ሥራ

ሞዴሉ የሚነሣበት ቀን የሚጀምረው በእሳት ሳይሆን በጨርቅና በዘይት ነው። የትላንቱ አመድ ይጠረጋል፣ የጭስ ቱቦዎቹ በሽቦ ብሩሽ ይታሻሉ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ዘይት ይቀባል። ውሃው ተሞልቶ መስታወቱ ተፈትኖ፣ በጋዝ የራሰ ስንጥር ይለኮሳል፤ ከዚያ ከሰል ይከተላል። እንፋሎት እስኪመጣ ድረስ የራሱ ትንፋሽ ስለሌለው በጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ እናስቀምጣለን። ሞዴል በግማሽ ሰዓት ገደማ ይነሣል። ትልቁ ማሽን ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ቢቸኩሉበት አንዱ ብረት ከሌላው ቀድሞ ይሰፋና መጋጠሚያው ይላላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የገባው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ፒስተኑ ወደ ጫፍ ሲደርስ ያ ውሃ መውጫ ካጣ፣ አይጨመቅምና፣ ክዳኑን ይሰነጥቃል ወይም ዘንጉን ያጣምማል። ስለዚህ ከሲሊንደሩ ሥር ያሉት ትናንሽ ማፍሰሻዎች ተከፍተው ነው የሚነሣው፤ ባቡር ሲነሣ ከጎኑ የሚተፋው ነጭ ደመና ለጌጥ አይደለም። ብርቱን ማሽን ሰባራ ለማድረግ ይህቺን ማፍሰሻ አንድ ጠዋት መርሳት ይበቃል።

የደኅንነት ቫልቩም በየጠዋቱ በእውነተኛ ግፊት ሲከፈት መታየት አለበት፤ በ3 ባር ካልጮኸ በዚያን ቀን ሥራ የለም። ተማሪዎቹ በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከእኛ ጋር ተጣሉ፤ ቫልቩ በ3.4 ባር ነበር የሚከፈተው። ስፕሪንጉ ተለውጦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠራ።

ማታ እሳቱ ይወጣል፤ ግፊቱ ወደ አንድ ባር ሲወርድ ከቦይለሩ ሥር ያለው ማጠቢያ ቫልቭ ይከፈትና ውሃው የቀኑን ደለል ይዞ ይወጣል። ከዚያ ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተው ብረቱ በራሱ ሙቀት እንዲደርቅ ይተዋል። እጃችንን ታጥበን ስንወጣ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ቤቱ በዚያው በሰባራ ባቡር በኩል ስለሆነ ወራጅ የሚለው እሱ ነው።